ሥላሴንና ቅዳሴን ለትንንሽ ልጆች፦ የቱን መንገድ እንምረጥ?

የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። «በስመ አብ» ብላ አማተበችና ግድግዳው ላይ ወዳለው የሥላሴ ሥዕል ቀና አለች። ሦስት አረጋውያን፤ ጢማቸው ነጭ፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ልብሳቸው አንድ ዓይነት። «እግዚአብሔር የቱ ነው?» አለችኝ። ጣቷን ከአንዱ ወደ አንዱ እያመላለሰች ትጠብቀኛለች። እኔ ደግሞ ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም። «ሦስቱም» አልኳት። «እሺ፣ ሦስት ናቸው» ብላ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

መልሴ ስሕተት አልነበረም። ልጅቷ ይዛው የሄደችው ግን ስሕተት ነበር። ያን ቀን ማታ ስገላበጥ አደርኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጆች በእጄ አልፈዋል። ወላጆች የሚጠይቁኝ ዛሬም ያንኑ ነው። በጥያቄና መልስ እናስጠናቸው? በምሳሌ እንንገራቸው? ቅዳሴ ላይ አብረውን ይቁሙ ወይስ ለብቻቸው ይማሩ? እዚህ ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ላሉ የካቶሊክ ልጆች ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የትኛውን እንደምመርጥም አልደብቅም። የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በዓላቱ ግን በእኛው ናቸው።

ከሁሉ በፊት፦ የልጃችሁ ቅዳሴ የትኛው ነው?

በአገራችን ካቶሊኮች ከሕዝቡ አንድ በመቶ አንሞላም። ሆኖም ሁለት ሥርዓት አለን። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብር፣ ባሕር ዳር-ደሴ የግዕዝ ሥርዓት ነው። ሐዋሳ፣ መቂ፣ ሐረር፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና የላቲን ሥርዓት ነው። ይህን የማያውቅ መጽሐፍ ስትገዙ ችግር ይመጣል። ከውጭ የሚመጡት የልጆች መጻሕፍት አብዛኞቹ የሚያሳዩት የላቲኑን ቅዳሴ ነው። በግዕዝ ሥርዓት ያደገ ልጅ ገጹን ገልጦ «ቃጭሉስ? ዕጣኑስ? ለምን ጫማ አላወለቁም?» ይላል። መጽሐፉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ የእሱን ቤተ ክርስቲያን ስላላሳየው ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ይብስባችኋል። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ በላቲን ሥርዓት ትምህርት ቤት ይውላል፣ እሑድ ደግሞ ነጠላ ለብሶ ግዕዝ ይሰማል። ሁለቱም ያው ቁርባን መሆኑን በቃል ንገሩት። ልጅ በራሱ ይደርስበታል ብላችሁ አትተዉት።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ብዙ ወላጅ «ሥላሴን ሳያውቅ እንዴት ይቆርባል?» ብሎ ይጨነቃል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ፒዮስ 10ኛ በ1910 ለቀዳሚ ቁርባን ዕድሜውን ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ዝቅ አድርገውታል። ከዚያ በፊት በብዙ አገር ልጅ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያም በላይ እስኪሆነው ይጠበቅ ነበር። የጠየቁት ብዙ አይደለም። ልጁ ዋና ዋናዎቹን የእምነት ምሥጢራት በአቅሙ ይወቅ፣ ቁርባኑን ከተራ እንጀራ ይለይ። ሙሉ ዕውቀት አላሉም። የእኛን ግዕዝ ጨምሮ በምሥራቅ ሥርዓቶች ደግሞ ነገሩ ይለያል። በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ የሕፃናትን ቁርባን በተመለከተ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን በራሱ የሥርዓት መጻሕፍት እንዲመራ ይላል። ስለዚህ የቁምስናችሁን አባ ጠይቁ። ጎረቤት አትጠይቁ።

ሥላሴን በምን ምሳሌ?

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ውሃ፣ በረዶ፣ እንፋሎት የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል፣ ለዚህም ነው የሚወደደው። ግን ያው ውሃ በረዶ ሲሆን ውሃነቱን ይተዋል፤ ሲተን በረዶ አይደለም። ልጁ የሚረዳው «እግዚአብሔር አንዳንዴ አብ ይሆናል፣ አንዳንዴ ወልድ ይሆናል» ብሎ ነው። ይህ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሰባልዮስ ያስተማረውና ቤተ ክርስቲያን ያወገዘችው ነው። «አባትህ ለአንተ አባት፣ ለእኔ ባል፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው» የሚለውም ከዚሁ ተራ ነው። ሁለቱንም ተዉአቸው።

እንቁላል፣ ባለ ሦስት ቅጠል ሣር፣ ሦስት ጉልቻ፤ እነዚህ ችግራቸው ሌላ ነው። ጉልቻ ደስ ይላል፣ የቤት ነገር ነው። አንዱ ቢጎድል ድስቱ ይወድቃል። ግን አንዱ ጉልቻ የምድጃው ሲሶ ነው። አብ የእግዚአብሔር ሲሶ አይደለም። ወልድም መንፈስ ቅዱስም እንዲሁ። እያንዳንዱ ፍጹም አምላክ ነው፣ አምላክ ግን አንድ ነው። ቅርፊቱን እንቁላል የሚለው የለም።

አንዲት እናት ቡና እያፈላች ለልጇ «ከአንድ ጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንደሚወጣ» ብላ ነግራት ነበር። ስትነግረኝ ወደድኩት። ቤታችን ያለ ነገር፣ ልጁ በየቀኑ የሚያየው፣ ሽታው ራሱ የሚያስታውስ። ልጅቷ ግን ትንሽ ቆይታ «በረካ ግን ቀጭን ነው» አለቻት። ልክ ናት። ሦስተኛው ዙር ይቀጥናል። መንፈስ ቅዱስ ግን አይቀጥንም። በ381 የቁስጥንጥንያ ጉባኤ የተሰበሰበው መንፈስ ቅዱስን ዝቅ የሚያደርጉ ሰዎች ስለነበሩም ነው። የስድስት ዓመት ልጅ በሲኒ ቡና አድርጋ እዚያው ደረሰች። ልጆች ምሳሌን እስከ መጨረሻው እንደሚከተሉት ያየሁት ያኔ ነው። እኛ የምንፈልገው ቦታ ላይ አይቆሙም።

ከአባቶች የመጣው የፀሐይ ምሳሌ ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል። ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ። ፀሐይ ያለ ብርሃን የኖረችበት ጊዜ የለም። ብርሃኑ ከእሷ ይወጣል፣ ከእሷ በኋላ ግን አልመጣም። በጸሎተ ሃይማኖት «ብርሃን ዘእምብርሃን» የምንለው ይህንኑ ነው። ጉድለቱ ሙቀት የማይወድ፣ የማይናገር ነገር መሆኑ ነው። ልጅ ሙቀትን አያናግርም። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ንገሩት፣ አታብዙት።

እኔ የምመርጠው ምሳሌ ሳይሆን ታሪክ ነው፤ እሱም ጥምቀት። ጥር 11ን የማያውቅ ልጅ የለንም። ታቦት አይቷል፣ ውሃ ተረጭቷል፣ ሰው ሲጨፍር አይቷል። ግማሹ ትምህርት አስቀድሞ እግሩና ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። እኔ ወለሉ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ እዘረጋለሁ። አንዱ ልጅ ዮርዳኖስ ውስጥ ይቆማል። ሌላዋ ከወረቀት የተቆረጠች ነጭ ርግብ በክር ይዛ ወንበር ላይ ትወጣለች። ድምፁ ጎላ ያለው ልጅ ከበር ጀርባ ይሆንና «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ይላል። ከዚያ ሁሉም ባሉበት ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አደርጋለሁ። «አሁን እዩ። ወልድ የት ነው?» ያሳዩኛል። «አብስ?» ወደ በሩ ይዞራሉ። «መንፈስ ቅዱስስ?» ወደ ላይ ይጠቁማሉ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ አሉ። ማንም ማንንም አልሆነም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቹ የሚሰሙት ፍቅር ነው፤ አባት ልጁን «የምወደው» ሲለው። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ማብራራት አያስፈልገውም።

ይህ ግን ሦስትነቱን ነው የሚሰጠው። አንድነቱን የምሰጠው በማማተብ ነው። «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም» እንላለን። «ስሞች» አንልም። ስሙ አንድ ነው። ይህችን ቃል ትልቆቹ ልጆች ራሳቸው ሲያገኟት ደስ ይላቸዋል፤ እንዲያገኟት ጊዜ ስጧቸው።

ስለ ሥዕሉም አንድ ነገር ልበል። የእኛው ሦስት አረጋውያን፣ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ እኩልነትን አጉልቶ ያሳያል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፣ አያረጅም። ጉዳቱ ልጅ ሦስት አማልክት ማየቱ ነው። የምዕራቡ ሥዕል፣ ሽማግሌው፣ መስቀል ላይ ያለው ወልድና ርግቧ፣ ልዩነታቸውን ያሳያል። ጉዳቱ አብ ከወልድ በዕድሜ የሚበልጥ መምሰሉ፣ መንፈስ ቅዱስም ወፍ መምሰሉ ነው። ቤታችሁ ያለውን ተጠቀሙ። ግን የኛውን ስታሳዩ «መልካቸው እንደዚህ ነው» አትበሉ። «ሠዓሊው አንድ ዓይነት አድርጎ የሣላቸው ለምን ይመስልሃል?» በሉ። ዛሬ ያቺ ልጅ «የቱ ነው?» ብትለኝ የምመልስላት በዚህ ጥያቄ ነበር።

የአማርኛችንም ነገር አለ። «ሥላሴ ይጠብቁህ» እንላለን። ይህ አነጋገር ለብዙም ለአክብሮትም ይሆናል። ልጅ ግን እንደ ብዙ ነው የሚሰማው። አያቱ ሲመርቁት አታርሟቸው። እናንተ ስትጸልዩ ግን «እግዚአብሔር ይጠብቅህ» የሚለውንም ጨምሩለት።

በጥያቄና መልስ፣ በእጅ ወይስ በዜማ?

የጥያቄና መልሱ መንገድ ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው። አያቴ እስከ መጨረሻዋ በልጅነቷ ያጠናችውን ቃል በቃል ትወጣው ነበር። ታማ እንኳ አልጠፋትም። ይህን አልንቅም። ከሰባት ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ በቃሉ መያዝ ይወዳል፣ የያዘውም ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። ወጪ የለውም፣ ልዩ ሥልጠና አይፈልግም፣ ወላጅ በታክሲ ውስጥም ሊያስጠናው ይችላል።

ከስድስት በታች ላሉት ግን አልመክረውም። አንድ ልጅ «አንድ አምላክ በሦስት አካላት» ብሎ ያለ እንከን ወጣልኝ። «አካል ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እጅ፣ እግር፣ ሆድ» አለኝ። ከየት ያምጣው? በአማርኛ አካል ማለት ለእሱ ያ ነው፤ ትምህርት ቤትም «የሰውነት አካል ክፍሎች» ብሎ ያጠናው ነው። ቃሉ ትክክለኛ ነው፣ አባቶች ያቆዩት ነው፣ እንዲቀየር አልልም። ነገር ግን ከማስጠናታችሁ በፊት «እዚህ ላይ አካል ስንል ሰውነት ማለታችን አይደለም፤ ‹እኔ› የሚል፣ የሚያውቅና የሚወድ ማለታችን ነው» ብላችሁ ንገሩት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው የመልካሙ እረኛ ትምህርተ ክርስቶስ የሚባለው ነው። ሶፊያ ካቫሌቲ የምትባል የዕብራይስጥ መጻሕፍት ምሁርና ጃና ጎቢ የምትባል የሞንቴሶሪ መምህርት በ1954 ሮም ውስጥ ጀመሩት። ልጆቹን ከሦስት እስከ ስድስት፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ብሎ ይከፍላል። የሚማሩበት ክፍል «አትሪየም» ይባላል። በልጅ ቁመት ልክ የተሠራ መንበር፣ ትንሽ ጽዋ፣ ትንሽ ጻሕል፣ ሻማ፣ የመንበር ልብስ ይኖረዋል። መምህሯ ብዙ አትናገርም። አንድ ነገር በዝግታ ታሳያለች፣ ከዚያ ልጁ ራሱ ይሠራዋል፤ የፈለገውን ያህል ጊዜ።

አንድ ጊዜ አንዲት ሲስተር ሲያስተምሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ወይኑን ወደ ትንሿ ጽዋ ቀዳ። ከዚያ ውሃ፤ ጠብታ፣ ጠብታ። ምላሱን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያንጠባጥበው። ሲጨርስ ጽዋው ላይ አጎንብሶ አየ። «ውሃው የታለ?» አለ። ሲስተር ዝም አሉ። ልጁም ዝም አለ። ከዚያ «ወይኑ ውስጥ ገባ፤ አይወጣም» አለ። እኛን ክርስቶስ ውስጥ የሚያስገባንን ነገር በስብከት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንደዚያ ቀን አልገባኝም።

ሥላሴም እዚያ ውስጥ አለ። ካህኑ ኅብስቱ ላይ እጃቸውን ዘርግተው አብ መንፈስ ቅዱስን እንዲልክ ሲለምኑ፣ ልጆቹ ያንን የእጅ ምልክት ብቻ ነጥለው ይማራሉ። መዳፍ ወደ ታች፤ ከላይ የሚመጣ ስጦታ። ቀጥሎ ኅብስቱና ጽዋው ከፍ ሲል በክርስቶስ፣ በመንፈስ ቅዱስ አንድነት ለአብ ክብር ይሰጣል። ወደ ላይ የሚሄድ ስጦታ። «ሦስት በአንድ» የሚል ቃል ሳይነሣ ልጁ ሦስቱንም ያገኛቸዋል።

እንቅፋቶቹም አሉ። መምህሯ ረጅም ሥልጠና ያስፈልጋታል። ዕቃው በአብዛኛው በእጅ ይሠራል እንጂ ከሱቅ አይገዛም። ክፍል ይፈልጋል፣ ልጆቹም ጥቂት መሆን አለባቸው። ስልሳ ልጅ በአንድ አዳራሽ ላለበት ቁምስና ሙሉ በሙሉ አይሆንም። ደግሞም ዕቃው የላቲኑን ሥርዓት ተከትሎ የተሠራ ስለሆነ ለግዕዝ ሥርዓት ልጆች ጥና፣ ቃጭልና የእጅ መስቀል መጨመር ይገባል። ይህ ይቻላል። አናጺና ልብስ ሰፊ እናት ካላችሁ ግማሹን ጨረሳችሁ።

ሦስተኛው ዜማ ነው፤ የግዕዝ ሥርዓት ልጆች ካላቸው ሀብት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው እላለሁ። ቅዳሴው ራሱ ያስተምራል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ልጁ «እግዚኦ ተሠሃለነ» ይላል። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» ይላል። ተሰጥዖው ልጁን ተመልካች አያደርገውም፣ ተራ ይሰጠዋል። ከዚያ ያ ቦታ ይመጣል፤ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ»። ሦስት ጊዜ አሐዱ፣ ሦስት ጊዜ ቅዱስ። ከዚህ የተሻለ የሥላሴ ትምህርት ለሕፃን የጻፈ ሰው አላውቅም። አንዳንዱ «ግዕዝ አይገባቸውም» ይላል። ትርጉሙን በአማርኛ አንድ ጊዜ ንገሩት፣ ይበቃዋል። የላቲን ሥርዓት ልጆች ደግሞ ቅዳሴያቸው በሚገባቸው ቋንቋ ስለሆነ በዚህ በኩል ይቀላቸዋል። እነሱን «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» በሚለው ዜማ ጀምሯቸው።

እሑድ፦ አብሮ መቆም ወይስ ለብቻ ክፍል?

በ1973 ቫቲካን ስለ ልጆች ቅዳሴ መመሪያ አውጥታለች። እሱን የሚጠቅሱ ሁሉ ሙሉውን አይጠቅሱም። መመሪያው ልጆች የቃሉን ክፍል ለብቻቸው በሚገባቸው መልክ እንዲሰሙ ይፈቅዳል። ግን ከቁርባኑ ክፍል በፊት ወደ ማኅበሩ እንዲመለሱ ነው። ክፍሉ መዋያ አይደለም።

ይህን አጥብቄ የምለው በራሴ ልጅ ስለደረሰ ነው። በአንድ ቁምስና ለአንድ ዓመት ያህል ልጄ እሑድ እሑድ ከመግቢያው እስከ ቡራኬው ሌላ ክፍል ትቆይ ነበር። ሥራ ቀለለልኝ፣ ተረጋግቼ አስቀደስኩ። ስድስት ዓመት ሲሞላት «ቅዳሴ ላይ ምን ይደረጋል?» አልኳት። «ቀለም እንቀባለን» አለችኝ። ጥፋቱ ክፍሉን የሚጠብቁት ልጃገረዶች አልነበረም። ሳልጠይቅ የተውኩት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ የእኔ ሚዛን ይህ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚጠብቅለት ሰው ካለ ውጭ መሆኑ አይጎዳም፤ መመሪያውም ለቡራኬ እንዲያመጡት ይመክራል። ከአራት ጀምሮ ግን የቁርባኑን ክፍል አብሯችሁ ይሁን። የግዕዙ ቅዳሴ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። በመሃል አውጡት፣ ውሃ ይጠጣ፣ ይመለስ። ከኋላ አትቁሙ። ከኋላ ያለ ልጅ የሚያየው የሰው ጀርባ ነው፣ ቢረብሽ አይፈረድበትም። ከፊት፣ በጎን በኩል፣ መንበሩ በሚታይበት ቦታ ቁሙ። ስልክ አትስጡት።

ታዲያ የቱን?

ልጃችሁ ከስድስት በታች ከሆነና በአካባቢያችሁ የመልካሙ እረኛ መንገድ ካለ፣ ሳታመነቱ እዚያ ውሰዱት። ከሌለ ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ጥግ አዘጋጁ፤ ነጭ ጨርቅ፣ ሻማ፣ መስቀል፣ ትንሽ ብርጭቆ። የጥምቀትን ታሪክ ተጫወቱ። ልጁ ሰባት ከገባና ለቀዳሚ ቁርባን እየተዘጋጀ ከሆነ ጥያቄና መልሱን ጨምሩ፣ አስቀድሞ ያየውንና የዳሰሰውን ስም ስለሚሰጥለት አሁን ይጠቅመዋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን፣ ቃሉ ቀድሞ ነገሩ ከዘገየ፣ «እጅ፣ እግር፣ ሆድ» ነው የምታተርፉት። ዜማው ለሁሉም ዕድሜ ነው፣ አትምረጡት፣ ዝም ብላችሁ ጀምሩት። የካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ያላችሁም «ትምህርት ቤቱ ያስተምረዋል» ብላችሁ እንዳትተዉት። መምህሩ አርባ ልጅ አለው፤ እሑድ ጆሮው ሥር የምታንሾካሽኩለት እናንተ ናችሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁሉን ለማስረዳት አትሞክሩ። ሦስት ቦታ ብቻ ምረጡ። ስትገቡ እጁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አማትቡት፤ አታጣድፉት። «አሐዱ አብ ቅዱስ» ሲባል፣ ወይም ካህኑ እጃቸውን ኅብስቱ ላይ ሲዘረጉ፣ ጎንበስ ብላችሁ «አሁን እይ» በሉት። ሌላ ቃል አትጨምሩ። መጨረሻ ላይ ቡራኬ ሲሰጥ እንደገና እንዲያማትብ ጠብቁት። ወደ ቤት ስትመለሱ ምን እንዳየ ጠይቁት፣ የሚላችሁንም ሳታርሙ እስከ መጨረሻው ስሙት።